የሟች አከራያችን ልጅ እስከ ሐምሌ 30 ልቀቁ አለን፣ ነፃ ጠበቃ የት ነው የሚገኘው?

የቤዛ እናት፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጨንቆኝ ሌሊት ተነስቼ ነው የምጽፈው፣ ከተዘበራረቀ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ገዳም ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ስንኖር 6 ዓመት ሊሞላን ነው፣ እኔ ልጄና እናቴ ነን። አከራያችን እማማ ነፍሳቸውን ይማርና ከፋሲካ በኋላ አረፉ። በህይወት እያሉ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፣ ኪራይ ሲዘገይብኝ እንኳን አንድ ቀን ፊታቸውን አጥቁረውብኝ አያውቁም፣ ቡና ፈልቶ እኔ ሳልመጣ አቦል አይቀዱም ነበር። አርባቸው ላይም እንጀራውን የጋገርኩት እኔ ነኝ።

አርባው በወጣ በሳምንቱ ትልቁ ልጃቸው መጣና "ቤቱ ሊሸጥ ነው፣ ገዢ ተገኝቷል፣ እስከ ሐምሌ 30 ልቀቁ" አለኝ። በወረቀት አይደለም፣ በር ላይ ቆሞ በአፉ ነው። የሰኔን ኪራይ ልሰጠው ስል "አልቀበልም፣ ለምትገቢበት ቤት ቀብድ አድርጊው" ብሎ ሄደ። እኔ እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር፣ አሁን ሰው ሲነግረኝ ግን "ኪራይ አልከፈለችም" ለማለት ነው አሉኝ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ከዋናው ቤት ወደኛ የሚመጣውን መብራት ቆረጠው፣ ቆጣሪው የጋራ ነው። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ነው የምትወጋው፣ ፍሪጃችን ስለማይሰራ መድሀኒቷን ጎረቤት አስቀምጠን ጠዋት ከመንጋቱ በፊትና ማታ በዝናብ የሰው በር ታንኳኳለች። 71 ዓመቷ ነው። ትናንት ማታ ሰዎቹ ተኝተው ስለነበር ደጃቸው ቆማ ጠብቃ ልብሷ በስብሶ ተመለሰች፣ እኔ እሱን ካየሁ በኋላ ነው እንቅልፍ እምቢ ያለኝ።

ውል አለን። መስከረም 2017 ላይ ከእማማ ጋር ወረዳ ሄደን ያስመዘገብነው ነው፣ የ2 ዓመት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውሉ ላይ ያለው 4,000 ብር ነው፣ የምንከፍለው 6,500 ነበር፣ ግብር እንዳይበዛባቸው ብለን ተስማምተን ነው እንደዛ ያጻፍነው፣ 4,000ውን በባንክ 2,500ውን በእጅ ነበር የምሰጣቸው። ይሄ ነገር እኔን ያስጠይቀኛል ወይ ብዬም ፈርቻለሁ።

መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ ነው የምሰራው። አንድ ጠበቃ ጠይቄ 40 ሺህ አለኝ፣ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ። ደላላም ጠይቄያለሁ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ በዚህ አካባቢ ለሁለት ክፍል የሚጠሩት ብር ለኔ የማይሞከር ነው፣ ከከተማ እንዳልወጣ ደግሞ ልጄ ትምህርት ቤቷ እዚሁ ነው። በነፃ የሚያግዝ ጠበቃ አለ ይባላል፣ የት ነው የሚገኘው? እኛን ይቀበላሉ? በ30ኛው ቀን መጥቶ ዕቃችንን ቢያወጣውስ ምን አደርጋለሁ?

አብነት ያደግኩ፦

እህቴ አይዞሽ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ዕቃሽን እንዳትነኪ። ስለፈራሽ ብቻ "እስከዛ እህቴ ጋ ላስቀምጠው" ብለሽ አልጋሽን ያወጣሽ ቀን "በፈቃዷ ለቃለች" ነው የሚባለው። እኔ ከ4 ዓመት በፊት በዚህ ነው የተጎዳሁት። አከራዬ "ልጄ ከውጭ መጣ፣ በሳምንት ልቀቅ" አለኝ፣ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ የአንድ ክፍል ዕቃ አስወጣሁ፣ በማግስቱ ከስራ ስመለስ በሩ ሌላ ቁልፍ ተቆልፎበታል፣ የቀረው ዕቃዬ፣ የትምህርት ማስረጃዬ ሳይቀር ውስጥ ነበር። ፖሊስ ጋ ስሄድ "አንተ ለቀህ ወጥተሃል አይደል እንዴ፣ ዕቃህን እናስጥህና ሂድ" ተባልኩ። ማስረጃዬን አገኘሁ፣ ቤቱን ግን አላገኘሁም።

ስለዚህ አንቺ ሰነዶችሽን ማለትም ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ መታወቂያሽን፣ የእናትሽን የህክምና ካርድ፣ የልጅሽን የልደት ካርድ አውጥተሽ ኮፒ አድርጊና ዋናውን የምታምኚው ሰው ጋ አስቀምጪ። ዕቃው ግን እዛው ይሁን፣ ቤት ውስጥም ሁሌ ሰው አይጥፋ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ። ሰው የሚባረረው ብዙውን ጊዜ ቢሮ በማይከፈትበት ቀን ነው።

ችሎት የለመደ፦

ጠበቃ ነኝ፣ ግን እዚህ የምጽፈው የአንቺን ፋይል ሳላይ ስለሆነ ይሄን ይዘሽ አንድ ባለሙያ ፊት ለፊት ማየትሽ አይቀርም። ጊዜሽ አጭር ስለሆነ በዝርዝር ልንገርሽ።

መጋቢት 2016 ላይ የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አለ፣ የናንተን ውል ወረዳ ያስመዘገባችሁት በሱ መሰረት ነው። ሰው ስለዚህ አዋጅ የሚያውቀው "ኪራይ መጨመር ተከለከለ" የሚለውን ብቻ ነው፣ ውስጡ ግን ለአንቺ የሚሆን ብዙ አለው። አንደኛ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም፣ የናንተ ውል መስከረም 2017 ላይ ከተመዘገበ እስከ መስከረም 2019 ድረስ ህይወት አለው ማለት ነው፣ እማማ ስላረፉ ብቻ ውሉ አብሮ አይቀበርም፣ ወራሽ የሚወርሰው ቤቱን ውሉ ካለበት ጋር ነው። ሁለተኛ ቤቱ በውርስም በሽያጭም ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ እንኳን፣ ተከራዩን ለማስወጣት አስቀድሞ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ በጽሁፍ መስጠት አለ። በር ላይ ቆሞ "ልቀቁ" ማለት ማስጠንቀቂያ አይደለም። ሐምሌ 30 የሚባለው ቀን ልጁ ራሱ ያወጣው እንጂ ህግ ያወጣው አይደለም።

ሶስተኛ፣ ልጁ ማነው? ይሄን ጥያቄ በትህትና ጠይቂው። የእማማ ልጅ መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል፣ ቤቱን የማዘዝ ስልጣን እንዳለው ግን የሚያሳየው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ሌሎች ወንድም እህቶች ካሉት ብቻውን ወስኖ መሸጥም ማስወጣትም አይችልም። በኔ ልምድ የዚህ አይነት ጉዳይ ግማሹ እዚች ጥያቄ ላይ ሲደርስ ነው ድምጹ የሚቀንሰው፣ ወረቀቱ ገና ስላልወጣ።

መብራቱን በተመለከተ። ተከራይን ውሀና መብራት ቆርጦ ማስለቀቅ፣ በር መቀየር፣ ቆርቆሮ መንቀል፣ እነዚህ ሁሉ በጉልበት ማስወጣት ናቸው። ማንም ሰው ውል ፈርሷል ብሎ ካመነ የሚሄደው ፍርድ ቤት ነው፣ በፒንሳ አይደለም። ፍርድ ቤት ስትሄጂ ጠበቃው ከዋናው ክስ ጋር ጊዜያዊ የእግድ ትዕዛዝ ሊጠይቅልሽ ይችላል፣ በፍትሐ ብሔር ስነ ስርዓት ህጉ ቁጥር 154 የሚባለው ነው፣ ጉዳዩ እስኪታይ ባለበት ይቆይ ማለት ነው። የእናትሽ የህክምና ወረቀት እዚህ ጋ በጣም ይጠቅማል፣ ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት የሚል ከሀኪሟ አንድ ገጽ አጽፊ። ከነሐሴ ጀምሮ ፍርድ ቤቶች ለክረምት እረፍት ስለሚዘጉ ተረኛ ችሎት ብቻ ነው የሚኖረው፣ አስቸኳይ የሆነውን ያያሉ፣ አስቸኳይነቱን የሚያሳይልሽ ደግሞ ያቺ የሀኪም ወረቀት ናት። ስለዚህ ሐምሌ ሳያልቅ ተንቀሳቀሺ።

የ4,000ና የ6,500 ነገር። ለሚረዳሽ ጠበቃ እንዳለ ንገሪው፣ ከሱ አትደብቂ፣ ችሎት ላይ ከተቃራኒ ወገን አፍ የሚሰማው ነገር ነው ጠበቃን የሚያጠፋው። ማስረጃ ሆኖ የሚቆመው የተመዘገበው ውልና በባንክ ያለፈው ክፍያ ነው፣ አዋጁም ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ነው የሚለው። ከእንግዲህ አንዲት ብር በእጅ እንዳትሰጪ። ይሄን የምታነቡ ሌሎቻችሁም፣ "ለግብር ብለን በዝቅተኛ እንጻፍ" ሲሏችሁ እሺ የምትሉት ለሰላም ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ነገር ሲመጣ ግን ያ በእጅ የሄደው ብር የት እንደገባ የሚመሰክርላችሁ የለም።

ነፃ ጠበቃ ላልሽው አዎ አለ፣ ተረትም አይደለም። የጥብቅና ህጉ ማንኛውም የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት አቅም ለሌለው ሰው በነፃ እንዲሰራ ያስገድደዋል፣ ስለዚህ እኛ ስንሰራልሽ ጽድቅ ሳይሆን ግዴታችንን ነው የምንወጣው፣ አንገትሽን ደፍተሽ አትለምኚ። የከተማው ፍትህ ቢሮ በክፍለ ከተማ ደረጃ ነፃ የህግ ድጋፍ ይሰጣል፣ አራዳ ስለሆንሽ እዛ ጠይቂ። የኢትዮጵያ ሴቶች ህግ ባለሙያዎች ማህበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ያማክራል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ጉዳዩን አይቶ ጠበቃ የሚያቆምበትም ጊዜ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የህግ ትምህርት ቤትም የነፃ ህግ ድጋፍ አገልግሎት አለው። የዳኝነት ክፍያውን ካልቻልሽ ደግሞ በደሃ ደንብ መክሰስ የሚባል አለ፣ ስነ ስርዓት ህጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ያለው ነው፣ ከወረዳሽ አቅም እንደሌለሽ የሚያሳይ ደብዳቤና ቃለ መሀላ አቅርበሽ ፍርድ ቤቱ ካመነበት ሳትከፍዪ ፋይል ይከፈትልሻል። ደብዳቤዋ ግን ቀን ትወስዳለች፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጀምሪያት።

ግቢ አለኝ፦

እኔ አከራይ ነኝ፣ አትቆጡኝ። ልጁ የሰራው ነገር ነውር ነው፣ መብራት ቆርጦ የታመመች እናትን ማንከራተት እናቱ በህይወት ብትኖር ራሷ አታየውም ነበር። ነገር ግን ከሱ ጎን ሆኜ አንድ ነገር ልበል፣ ወራሾች አብዛኛውን ጊዜ ከመሃላቸው አንዱ "ድርሻዬን አሁኑኑ" እያለ እየገፋቸው ነው፣ ገዢም ባዶ ቤት ካልሆነ ቀብድ አልሰጥም ይላል፣ ተከራይ ያለበት ቤት ዋጋው ይወርዳል። ልጁ ህጉን ላያውቅም ይችላል። ክሱን ጀምሪ፣ ግን ከጎን የእድራችሁን ሰብሳቢ ወይ እማማን የሚያከብሩ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ላኪበት። እናቱን የቀበሩት እነሱ ናቸው፣ ፊታቸውን አያሳፍርም። የምትጠይቂውም "አልወጣም" ሳይሆን "መብራቱን መልስ፣ ጊዜዬን ስጠኝ፣ የምንስማማውንም በጽሁፍ እናድርገው" ይሁን። ሽማግሌ ፊት የተባለውንም ቢሆን አስፈርሚ።

ስድስት ኪሎ 04፦

ከላይ ጠበቃው የጻፈው ትክክል ነው፣ እኔ የምጨምረው ስትሄጂ ምን እንደሚገጥምሽ ነው ምክንያቱም እኔ አምና ለአክስቴ ብዬ ሁለት ቦታ ተመላልሻለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ድረሺ፣ ከረፈደ ወረፋው ለከሰዓት ይተላለፋል። መጀመሪያ የሚያገኝሽ ሰው ጠበቃ ላይሆን ይችላል፣ ወጣት የህግ ባለሙያ ነው ታሪክሽን የሚጽፈው፣ እሱ ፊት ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ሁሉን ልተርክ አትበዪ፣ አንድ ወረቀት ላይ በቀን በቀን ጽፈሽ ሂጂ፦ መቼ ተከራየሽ፣ መቼ ተመዘገበ፣ እማማ መቼ አረፉ፣ መቼ ልቀቂ አለሽ፣ መቼ ኪራይ አልቀበልም አለ፣ መብራት መቼ ጠፋ፣ ማን አየ። አክስቴ ስታለቅስ ልጅቷ ብእሯን አስቀምጣ ውሀ ሰጥታት ጠበቀቻት፣ ከዛ ያቺን ወረቀት ስታገኝ "ይሄ ነው የሚያስፈልገኝ" ብላ በግማሽ ሰዓት ጨረሰችው።

የሁሉንም ሶስት ሶስት ኮፒ ያዢ። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሀፊዎች "እኔ ልጻፍልሽ" ይሉሻል፣ አንዳንዶቹ ጎበዞች ናቸው አንዳንዶቹ ግን የሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ ስም ቀይረው ነው የሚሰጡት፣ የአክስቴ የመጀመሪያው ላይ የማናውቀው ቦሌ ያለ ቤት ቁጥር ተጽፎበት ተመልሷል። ነፃ ድጋፍ የሚሰጡት ማመልከቻውን ራሳቸው ስለሚጽፉልሽ ብርሽን አታውጪ። ሁሉንም ሰው ፍርድ ቤት ድረስ ቆመው አይከራከሩለትም፣ ለአንዳንዱ ምክርና ጽሁፍ ብቻ ነው፣ ነገር ግን አንቺ ሴት ነሽ፣ አረጋዊ በሽተኛ እናትና ልጅ አለሽ፣ ይሄን ሁሉ አስጽፊ። እናትሽን ከቻለች ይዘሻት ሂጂ።

ሌላ ደግሞ መብራቱ የተቆረጠበትን ቦታ ፎቶ አንሺው፣ ባንክ የላክሽበትን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጊ፣ ልጁ በስልክ የሚልክልሽን መልእክት አታጥፊ። በስልክ ሲደውል "ጋሼ በመልእክት ላክልኝ፣ ለእናቴ ላንብብላት" በይው፣ ብዙ ሰው ይልካል።

አብነት ያደግኩ፦

ወረዳም መሄድ አለባት አይደል? ውሉ የተመዘገበው እዛ ነው።

ችሎት የለመደ፦

አዎ ረስቼው ነበር፣ አመሰግናለሁ። ውሉን የመዘገበው የወረዳው የቤቶች ጽህፈት ቤት ቅሬታ መቀበል አለበት። በቃል አትንገሪያቸው፣ በጽሁፍ አስገቢና ሁለተኛው ኮፒ ላይ ቀንና ማህተም አስመቺ። "ይሄ የኛ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ሂጂ" ቢሉሽም ያቺ ማህተም ያለባት ኮፒ ነገ ማስረጃሽ ናት።

የቤዛ እናት፦

ይኸው በ6 ቀኔ ተመለስኩ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እያንዳንዳችሁን።

ሰኞ ወረዳ ሄጄ በጽሁፍ አስገባሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ "ከባለቤቱ ጋር ተስማሙ እንጂ እኛ ምን እናድርግ" ብሎ ሊመልሰኝ ነበር፣ እንደነገራችሁኝ "እሺ፣ ብቻ መቀበላችሁን ማህተም አድርጉልኝ" ስለው ወረቀቱን እንደገና አነበበውና ሌላ ክፍል ወሰደኝ። እዛ ያለችው ልጅ ሲስተም ላይ ውሉን አገኘችው፣ የ2 ዓመት መሆኑን አይታ ለልጁ ራሷ ደወለችለት። ምን እንዳለችው እኔ አልሰማሁም ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ማክሰኞ እናቴን ይዤ ነፃ የህግ ድጋፍ ሄድኩ፣ 1:45 ነበር የደረስነው፣ በቀን በቀን የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠኋቸው፣ የእግድ ማመልከቻውን እዛው ጻፉልኝ፣ የሀኪሟን ደብዳቤ አያይዘውበታል። ስለ 6,500ው ነገርኳቸው፣ ባለሙያው አልተቆጣኝም፣ ጻፈውና አለፈ።

እሁድ ደግሞ የእድሩ ዳኛና የእማማ የክርስትና ልጅ የሆኑ አንድ ቄስ ሄደው አነጋገሩት። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ቁጭ ብለን ሳለን አምፖሉ በራ። ቤዛ ጮኸች፣ እናቴ ምንም ሳትል ተነስታ ነጠላዋን ለብሳ ጎረቤት ሄደችና ኢንሱሊኗን ይዛ መጥታ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ከዛ ሁለት ሶስቴ ከፍታ አየችው።

አሁን ልጁ "6 ወሩን እሰጣለሁ ግን የወራሽነት ወረቀቱ በፍርድ ቤት ሂደት ላይ ነው፣ ሲወጣ በጽሁፍ ትቀበያለሽ" ብሏል፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ነው ያለው። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የሰኔና የሐምሌ ኪራይ እጄ ላይ ነው ያለው፣ እሱ አሁንም አልተቀበለኝም፣ የእማማ የባንክ ሂሳብ ደግሞ እሳቸው ካረፉ ወዲህ መታገዱን ባንኩ ነግሮኛል። ብሩ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እየፈራሁት ነው፣ ለማን ልክፈል?

ችሎት የለመደ፦

ስለ መብራቱ ደስ ብሎኛል፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ማመልከቻው ግን መብራት ተመለሰ ተብሎ እንዳይቀር፣ በሽማግሌ የተባለው ተጽፎ እስኪፈረም ድረስ ፋይሉ ይቆይ።

ኪራዩን ለማንም በእጅ አትስጪ፣ ለእህቱም ለወንድሙም። መጀመሪያ ለልጁ በጽሁፍ "የሰኔና የሐምሌን ኪራይ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፣ የወራሽነት ማረጋገጫህንና የባንክ ሂሳብህን አሳውቀኝ" ብለሽ ጻፊለት፣ አንዱን ኮፒ አስቀሪ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መድረሱን ይፈርምበት። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠሽ የህግ ድጋፍ የሚሰጥሽን ባለሙያ ገንዘቡን በፍርድ ቤት ለማስያዝ ማመልከቻ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፣ ተቀባይ አልቀበልም ሲል ወይም ተቀባዩ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ፍትሐ ብሔር ህጉ ራሱ የፈቀደው መንገድ ነው። የምታስይዢው ውሉ ላይ ያለውን 4,000 4,000 ነው። ደረሰኙን ስትቀበዪ ስምሽና የወሩ ስም በትክክል መጻፉን እዛው መስኮቱ ጋ ቆመሽ አንብቢ።

የቤዛ እናት፦

እሺ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ፣ ነገ ከስራ በፊት ለእድሩ ዳኛ አደርሳለሁ።